ቁጥር ጠሪዋ ምንትዋብ

የዚያ ዓመት ክረምት ብርዱ አጥንት ድረስ የሚዘልቅ ነበር። ሰኔ ሳይጋመስ የጀመረው ዝናብ እስከ ጳጉሜ ድረስ አንድ ቀን እፎይ አላለም። ከወሎ ሰፈር ገባ ብሎ፣ ከጋራዦቹ ጀርባ ያለው የምግብ መመርመሪያ ግቢ ክረምቱን ሙሉ ጭቃና ናፍጣ ሲሸት ከረመ። በግቢው ጥግ በቆርቆሮ የተከደነች አንዲት ክፍል አለች፤ ሙቀት ክፍል ይሏታል። ስሟ ሙቀት ይሁን እንጂ ምንትዋብ በዚያ ክረምት በሁለት ሹራብና በአንድ ጋቢ ነበር የምትውልባት። ማሞቂያ ማስገባት አይቻልም፤ መስኮት መክፈት አይቻልም፤ ከሁለት ሰው በላይ መግባትም አይወደድም። ከዋዜማው በጄሪካን ገብቶ ያደረው ውሃ ጠዋት ሲነኩት ጣት ያደነዝዛል። ቆርቆሮው ላይ የሚወርደው ዝናብ ድንገት ሲያባራ ደግሞ ጆሮ ጭው ይላል። ምንትዋብ ያን ክረምት ስታስበው ዛሬም ደስ ይላታል፤ ደስ ማለቱ ደግሞ መልሶ ያናድዳታል። ብሩክታይት ወደዚያ ቤት የገባችው ያኔ ነውና።

ልጅቷ ሃያ ሁለት ዓመቷ ነው። ዲፕሎማዋን በላስቲክ ጠቅልላ ብብቷ ስር ይዛ፣ ከጸጉሯ ውሃ እየተንጠባጠበ በሩ ላይ ቆመች።

«ጤና ይስጥልኝ፣ እትዬ ምንትዋብ እርስዎ ነዎት?»

«በሩን ዝጊው! ውሃዬን ታቀዘቅዥብኛለሽ።»

ብሩክታይት በሩን በጀርባዋ ገፍታ ዘጋችና፣ «እኔን እኮ ዝናቡ እንዲህ ሲያደርገኝ ማንም አልጮኸበትም» አለች።

ምንትዋብ ሳታስበው ሳቀች። ጋቢዋን አውልቃ ሰጠቻት። ፍቅራቸው የተጀመረው እዚያው ቆመው ነው ቢባል ውሸት አይሆንም።

በዚያው ሳምንት ሥራውን ታሳያት ጀመር። «ይቺ ቦምብ ናት፤ አትፍሪያት» አለቻት። ቦምብ የሚሏት ከጠንካራ ብረት የተሠራች፣ ቁመቷ ትንሽ ፔርሙዝ የምታህል፣ ግድግዳዋ የወፈረ ዕቃ ናት። ከሚመረመረው ምግብ አንድ ግራም ይመዘንና እንደ ክኒን ተጠፍጥፎ ውስጧ ይቀመጣል፤ ቀጭን ሽቦ ይነካዋል። ክዳኗ ጠብቆ ኦክስጅን ይሞላባትና ሁለት ሊትር ውሃ ባለበት ባልዲ ውስጥ ትጠልቃለች። ባልዲው ደግሞ ሙቀት እንዳይገባበት እንዳይወጣበት ሆኖ በሌላ ዕቃ ይሸፈናል። ቁልፉን ሲጫኑት ሽቦው ይግላል፤ ምግቡ በአንድ ጊዜ ቦግ ብሎ ያልቃል፤ ውሃው ይሞቃል። ውሃው ምን ያህል እንደሞቀ ከታወቀ፣ ምግቡ ምን ያህል ሙቀት ይዞ እንደነበር ታወቀ ማለት ነው። የተማሩት ካሎሪሜትር ይሉታል። ምንትዋብ ግን ሠላሳ ዓመት ሙሉ «ዕቃዬ» እንጂ ሌላ ስም አልሰጠችውም።

እሷ ራሷ ትምህርቷ ስምንተኛ ክፍል ላይ ነው የቆመው። ከደብረ ታቦር መጥታ እዚያ ግቢ የተቀጠረችው በጽዳት ነበር። የክፍሉ ሹም ተወልደብርሃን የሚባሉ ዝምተኛ ሰው ነበሩ። አንድ ቀን ወለል ስትወለውል የሙቀት መለኪያውን ጎንበስ ብላ ስታየው ደረሱባትና፣ «ስንት ይላል?» አሏት። ነገረቻቸው። እሳቸውም ጎንበስ ብለው አዩና፣ «መወልወያውን አስቀምጪው» አሉ። እንዲህ ነው ሙያ የያዘችው።

ተወልደብርሃን በጉብዝናቸው ዘመን አንድ የዶሮ እርባታ ጣቢያ ውስጥ ሠርተዋል። እዚያ ዶሮዋን ሳጥን ውስጥ ያስገቧትና በሳጥኑ ዙሪያ በቱቦ ውሃ ያዞራሉ። ውሃው ሲገባና ሲወጣ ያለውን ልዩነት አይተው ዶሮዋ በሰዓት ስንት ሙቀት እንደምትሰጥ ያውቃሉ። «እኔ ስገባ ምንም አትልም» ይሉ ነበር፣ «የማታውቀው ሰው በሩን ሲከፍት ግን ቁጥሩ ይዘላል። ልቧ ሲመታ ቁጥሩ ላይ እናየዋለን።» ከዚያም፣ «ሰውም እንዲሁ ነው የሚነደው፤ ብቻ ቀስ ብሎ ነው» ይላሉ። ምንትዋብ ይህን ቃል ለብሩክታይት እንዳለ አስረከበቻት።

ከሁሉ በላይ ያስረከበቻት ግን አጠራሩን ነው። ያ ሥራ ለአንድ ሰው አይሆንም። የሙቀት መለኪያው ክንድ የሚያህል ብርጭቆ ነው፤ አንዷ ዲግሪ በመቶ መስመር የተከፈለች ናት፤ በማጉያ መነጽር ነው የሚታየው። ጠሪዋ ዓይኗን መነጽሩ ላይ ታደርጋለች፤ ሥራው እስኪያልቅ አታነሳም። ጸሐፊዋ ጀርባዋን ለዕቃው ሰጥታ ጠረጴዛ ላይ ትቀመጣለች፤ ፊቷ ሰዓትና መዝገብ አለ። ጸሐፊዋ «ደቂቃ!» ትላለች። ጠሪዋ ቁጥሩን ትጠራለች። ጸሐፊዋ የሰማችውን መልሳ ጮክ ብላ እያለች ትጽፋለች። መልሶ ማለቱ የመጣው በአውሮፕላን ምክንያት ነው፤ ከቦሌ የሚነሳው ሁሉ በአናታቸው ስለሚያልፍ። ጠሪዋ ወረቀቱን አታይም፤ ጸሐፊዋ ብርጭቆውን አታይም። አንዷ ዓይን፣ አንዷ እጅ ናት።

ሲያልቅ ሁለቱም ከገጹ ግርጌ ይፈርማሉ። ቅጹ ላይ «አንብቤ አረጋግጫለሁ» የሚል አለ። ዳሩ ግን በዚያ ክፍል ጠሪ አንብቦ ፈርሞ አያውቅም። ተወልደብርሃን ይጠሩ በነበረበት ጊዜ ምንትዋብ መዝገቡን ስታቀርብላቸው ፊታቸውን ወደ መስኮቱ መልሰው ነበር የሚፈርሙት። አብሮ የዋለ ሰው የጻፈውን እንደገና መቁጠር፣ ፊት ለፊት ሌባ ነሽ ከማለት አይለይም። ነውር ነው። ምንትዋብም ጠሪ ስትሆን እንዲሁ አደረገች። ብሩክታይት የመጀመሪያ ቀን መዝገቡን አቅርባ፣ «አያዩትም እንዴ?» ብትላት፣ «አንቺ ጽፈሽው የለ?» ብላ ሽቅብ እያየች ፈረመች። ልጅቷ በዚህ ዓይኗ እንባ አቀረረ።

አሥራ ሁለት ዓመት እንዲህ አብረው ሠሩ። ማታ ማታ አብረው ታክሲ ይሳፈራሉ። አንድ ቀን ወንበር ጠፍቶ አንዷ ከፊት፣ አንዷ ከኋላ ተቀምጠው ሳለ ብሩክታይት ከኋላ፣ «እትዬ! ቦምቡን ዘግተውታል?» ብላ ተጣራች። ታክሲው ውስጥ ያለው ሰው ሁሉ ጸጥ አለ።

ምንትዋብም ዘወር ሳትል፣ «ዘግቼዋለሁ፤ ነገ ጠዋት ነው የምናፈነዳው» አለች።

ረዳቱ በሩን ይዞ፣ «እማማ፣ በእመቤቴ እዚሁ ይውረዱልን!» ሲል ሁለቱ መሳቅ እንጂ መናገር አቃታቸው። የዱቄት መለኪያ መሆኑን አስረድተው ለመጨረስ እስከ ቦሌ ድልድይ ፈጀባቸው።

ብሩክታይት አግብታ ሴት ልጅ ስትወልድ ምንትዋብ ክርስትና አነሳችላት። ልጅቷን ሰብሊ አሏት። ምንትዋብ የራሷ ልጅ የላትም፤ ሰብሊን በሰማንያ ቀኗ ብቻ ሳይሆን በየሳምንቱ እንደ አዲስ ነበር የምትቀበላት። ከዚያ ወዲህ እርስዎ ማለት ቀረ። «አበልጄ በይኝ፤ አንቺ በይኝ፤ እርስዎ ስትይኝ ሹም የሆንኩ ይመስለኛል» አለቻት። ሰው አበልጁን አይክድም። ይህ በምንትዋብ አገር ተጽፎ የሚነበብ ነገር አይደለም፤ ያለ ነገር ነው።

ሃምሳ ዘጠኝ ዓመት ሲሆናት የግራ ዓይኗ ይጋረድባት ጀመር። ሐኪም አይቶ፣ ሞራ ነው፣ ገና ጀማሪ ነው፣ ቀኙ ግን ደህና ነው አላት። መነጽሩ ላይ የምታየው ሁልጊዜም በቀኟ ነው፤ ሥራዋን አልነካባትም። ቢሆንም ሰው ከሰማ «አሮጊቷ ታውራለች» ማለቱ አይቀርም። ለጡረታ የቀራት ጊዜ አጭር ነው፤ በሠራችበት ስሟ መውጣት ነበር የምትፈልገው። ስለዚህ ለአንድ ሰው ብቻ ነገረች። ምሳ በልተው አግዳሚው ወንበር ላይ ፀሐይ እየሞቁ ሳለ፣ «አበልጄ፣ ለማንም እንዳትናገሪ» ብላ ነገረቻት። ብሩክታይት እጇን ይዛ፣ «ከእኔ ጋር ይቀበራል» አለች።

በዚያው ዓመት በኅዳር የሕፃናት ምጥን ዱቄት መጣ። አንድ አዲስ ወፍጮ ቤት ነው የላከው። ዱቄቱ ለጤና ጣቢያዎች እንዲታደል ውል ሊይዝ ነው፤ ውሉ ደግሞ ከመቶ ግራሙ አራት መቶ ሠላሳ ካሎሪ የማያወጣ ዱቄት አይቀበልም። እህሉ ላይ አኩሪ አተርና ዘይት በደንብ ከገባበት በቀላሉ ያልፋል። ሦስት ጊዜ አቃጠሉት። ምንትዋብ ጠራች፤ ብሩክታይት እየመለሰች ጻፈች።

«ደቂቃ!»

«ሃያ ሦስት፣ ስልሳ አራት።»

«ሃያ ሦስት፣ ስልሳ አራት። ደቂቃ!»

«ሃያ ሦስት፣ ስልሳ አምስት። ቆመ።»

«ሃያ ሦስት፣ ስልሳ አምስት። ቆመ።»

ምንትዋብ ቀና ብላ ወገቧን እያሸች፣ «ይቺ ዱቄት እሳት የላትም» አለች። «ዘይቱን የት አደረሱት? ይህን በልቶ ማን ልጅ ያድጋል?»

«እኔ ምን አውቄ አበልጄ፤ ነይ ፈርሚልኝ» አለች ብሩክታይት ሳትዞር።

ምንትዋብ መስኮቱን እያየች ፈረመች። ወደቀ ብላ ነበር ያሰበችው። አንድ ዱቄት ወደቀ፣ ሌላ መጣ፤ ረሳችው።

በመጋቢት አንድ ቅዳሜ ሳሙና ልትገዛ ከሰፈሯ ባለሱቅ ከአብዱልናስር ዘንድ ሄደች። መደርደሪያው ላይ የሕፃን ሥዕል ያለበት እሽግ አየች። የዚያ ወፍጮ ቤት ስም ነው።

«እስቲ ያን አውርድልኝ።»

«ምጥን ለማን ነው እትዬ? ሳንሰማ ወለዱ እንዴ?» አለ አብዱልናስር እየሳቀ።

«ልጅስ ወልጄ ነበር፤ አንተ ነህ ያልሰማኸው። አምጣው።»

እሽጉን ገልብጣ ጀርባውን አነበበች። በላቦራቶሪ የተረጋገጠ ይላል። ከመቶ ግራም አራት መቶ አርባ ስምንት ካሎሪ ይላል። ምንትዋብ ስሌቱን በጭንቅላቷ ታውቀዋለች፤ በሠላሳ ዓመት ስንት ጊዜ አስልታዋለች። ስልሳ አምስት ላይ የቆመ ውሃ አራት መቶ እንኳ አይሞላም። ይህን ለመስጠት ውሃው ሰማንያ አምስት መድረስ ነበረበት። ሳሙናውን ሳትገዛ ወጣች።

ሰኞ ጠዋት በማለዳ መዝገብ ቤት ገብታ የኅዳሩን መዝገብ አወጣች። ገጹን አገኘችው። የመጨረሻዎቹ ቁጥሮች ላይ ስድስት ያለችበት ሁሉ ስምንት ተጽፏል። አልተፋቀም። አልተደለዘም። በኋላ የተነካ ነገር የለም፤ ያንኑ ሰዓት በአንድ ብዕር፣ በአንድ እጅ፣ በቆንጆ ጽሕፈት የተጻፈ ነው። ግርጌው ላይ የራሷ ፊርማ አለ። ምንትዋብ መዝገቡን እንደያዘች ቆመች። ያን ድምፅ ታስታውሰዋለች፤ «ስልሳ አምስት» እያለ የመለሰላትን። የብሩክታይት አፍ ስልሳ አምስት ሲል እጇ ሰማንያ አምስት ይጽፍ ነበር። ጀርባዋን ሰጥታት፣ ክንድ በማይሞላ ርቀት ላይ ተቀምጣ።

ብሩክታይትን ቦምቧን ስታጥብ ቧንቧው ጋ አገኘቻት።

«የኅዳሩን ዱቄት አየሁት» አለቻት።

ብሩክታይት ውሃውን ዘጋች። «ተዪው አበልጄ። ያለፈ ነገር ነው።»

«ሕፃናት ናቸው እኮ የሚበሉት።»

«መርዝ አይደለም። ዱቄት ነው።»

«ከሲታ ልጅ በዚህ ይነሳል ተብሎ ነው የሚታደለው! እናትየዋ ልጄ በላልኝ ብላ ትተኛለች። ልጁ ግን አልበላም።» ከዚያ ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። «ስሚኝ። እኔ ሄጄ ብናገር አንቺን መክሰሴ ነው፤ አልከስሽም። እስከ መጪው ሰኞ ዝም እላለሁ። አንቺ ራስሽ ለአቶ ሚስባህ ንገሪያቸው። ከአንቺ አፍ ሲወጣ ይቀልላል።»

«እሺ» አለች ብሩክታይት። ጎንበስ ብላ ትከሻዋን ሳመቻት። «እሺ፤ እናገራለሁ።»

ምንትዋብ ሳምንቱን ሙሉ ለልጅቷ አዘነች። ምን አስጨንቋት ይሆን፣ ምን ብላ ትጀምር ይሆን እያለች ምግብ አልወርድ አላት። ሐሙስ ዕለት ብሩክታይት ወደ አቶ ሚስባህ ቢሮ ስትገባ በመስኮት አየቻትና፣ ተመስገን አለች።

ሰኞ ተጠራች። አቶ ሚስባህ የግቢው ኃላፊ ናቸው፤ ሰው ሳይሰሙ የማይፈርዱ ናቸው ይባላሉ። ከጎናቸው ሁለት የኮሚቴ አባላት ተቀምጠዋል። ብሩክታይት ጥግ ወንበር ላይ ናት፤ ጫማዋን ታያለች።

«ወይዘሮ ምንትዋብ» አሉ አቶ ሚስባህ፣ «ዓይንዎን ይታመማሉ እንዴ?»

ምንትዋብ መጀመሪያ ጥያቄው ምን እንደሆነ አልገባትም። ሲገባት ወደ ጥጉ ዞረች።

«እሳቸው የጠሩልኝን ነው የጻፍኩት» አለች ብሩክታይት፣ አሁንም ጫማዋን እያየች። «ዓይናቸው ሞራ እንዳለበት ሐኪም ነግሯቸዋል። እንዳያፍሩ ብዬ ደብቄላቸው ነበር። አሁን ግን በእኔ ሊያላክኩ ስለሆነ...»

እሳቸው። ሰብሊ ክርስትና ከተነሳች ወዲህ አበልጄ ስትላት የኖረች ልጅ። ምንትዋብ ሌላውን ሁሉ የሰማችው ከሩቅ እንደሚመጣ ድምፅ ነው፤ እሳቸው የሚለው ግን ጆሮዋ ላይ ቀረ።

«ሞራ አለብኝ?» አለች በመጨረሻ። «አዎ፣ በግራዬ። የማነበው በቀኜ ነው። አቶ ሚስባህ፣ መለኪያው ላይ መስመር ነው የሚቆጠረው። መስመር መቁጠር ያቃተኝ ዕለት ራሴ እነግርዎታለሁ።» ከዚያም ዓይኗን ጨፍና የኅዳሩን ቀን ሦስቱንም ማቃጠያ፣ ደቂቃ በደቂቃ፣ ሳትደናቀፍ ጠራችላቸው።

አንደኛው የኮሚቴ አባል፣ «ከአራት ወር በኋላ ይህን ሁሉ ማን ያስታውሳል?» አለ።

«የጠራሁትን አስታውሳለሁ። ሌላ ምን ሥራ አለኝ?»

አቶ ሚስባህ ጥቂት አሰቡና ተነሱ። «ሙቀት ክፍል እንሂድ።»

በቁም ሳጥኑ ውስጥ ሙቀቱ አስቀድሞ በትክክል የታወቀ ነጭ ክኒን አለ፤ ዕቃው መሳት አለመሳቱን የሚፈትሹበት ነው። አንድ ሙሉ ክኒን ስንት እንደሚያሞቅ ምንትዋብ በቃሏ ስለምታውቅ፣ አቶ ሚስባህ ጀርባቸውን ሰጥተው ክኒኑን ሰበሩና መዘኑት። ስንት እንደሆነ አልነገሯትም። ብሩክታይት በሩ ላይ ቆማለች። የጸሐፊዋ ወንበር ላይ አቶ ሚስባህ ራሳቸው ተቀመጡ። ምንትዋብ ቀኝ ዓይኗን መነጽሩ ላይ አደረገች።

«ደቂቃ» አሉ አቶ ሚስባህ።

«ሃያ አንድ፣ አርባ።»

ቁልፉን ተጫኑት። ቁጥሩ ወጣ፣ ወጣ፣ ዘገየ። «ሃያ ሦስት፣ ሃምሳ ስድስት» አለች። «ሃያ ሦስት፣ ሃምሳ ሰባት። ቆመ።»

አቶ ሚስባህ ወረቀታቸው ላይ አባዙ፣ አካፈሉ። ሰውየው መልሰው መላልሰው ሲያሰሉ ዝናብ የለም፣ አውሮፕላን የለም፤ የሚሰማው የብዕሩ ድምፅ ብቻ ነው። በመጨረሻ ብዕሩን አስቀመጡ።

«አንዲት መስመር አልሳቱም» አሉ። ወደ በሩ ሳያዩም፣ «የኅዳሩ ዱቄት ናሙና ግምጃ ቤት አለ፤ ይውጣና ይቃጠል» አሉ።

ናሙናው ያንኑ ዕለት ተቃጠለ፤ የወጣው ምንትዋብ በቃሏ የጠራችው ነው። የምስክር ወረቀቱ ተሰረዘ፤ ዱቄቱም ከጤና ጣቢያዎቹ እንዲመለስ ደብዳቤ ተጻፈ። ብሩክታይት የሥራ መልቀቂያዋን በማግስቱ አስገባች።

ምንትዋብ በሩ ላይ ጠበቀቻት። ልትሰድባት አልነበረም። ለምን እንደሆነ ማወቅ ብቻ ነበር የፈለገችው።

«የባለቤቴ ወንድም ነው ወፍጮ ቤቱ» አለች ብሩክታይት። ቦርሳዋን ደረቷ ላይ አቅፋለች። «ያለ የሌለውን አግብቶበታል። ቤተሰቡ ሁሉ ዓይኑ እኔ ላይ ነበር። እምቢ ብል ቤቴ ይፈርሳል።»

«እሺ። ለዱቄቱ ይሁን። ዓይኔንስ?»

ብሩክታይት ለመጀመሪያ ጊዜ ቀና ብላ አየቻት። «እኔ ልጅ አሳድጋለሁ። አንቺ ጡረታሽ ደርሷል። ምን ይቀርብሻል ብዬ ነው፤ እውነቴን ነው። ትረዳኛለች ብዬ ነው።»

ልጅቷ የክፋት ሳይሆን የምክር ድምፅ ነበር ያሰማችው። ተመካክረው የወሰኑት ይመስል። ምንትዋብ እጇን አንስታ የብሩክታይትን የተጣመመ ነጠላ ልታቃና ደረሰችና መሐል ላይ መለሰችው። «ሰብሊን ሳሚልኝ» ብላ ገባች።

አቶ ሚስባህ ሥራዋ ላይ እንድትቆይ አስታወቁ፤ በሰው ፊትም ይቅርታ ጠየቋት። ለጸሐፊነት ከሌላ ክፍል ሸሪፋ የምትባል ሴት ሰጧት። ሸሪፋ ጸባየ መልካም ናት፤ ጽሕፈቷ ንጹሕ ነው፤ ምሳዋን ሳታካፍል አትበላም። የመጀመሪያው ቀን ላይ ሸሪፋ «ደቂቃ!» አለች፣ ምንትዋብ ጠራች፣ ሸሪፋ መለሰች። በሦስተኛው ደቂቃ ምንትዋብ ሳታውቀው ዓይኗን ከመነጽሩ አንስታ ወረቀቱን አየች። ልክ ነው የተጻፈው። ወደ ብርጭቆው ስትመለስ ቁጥሩ አምልጧታል። ማቃጠያው ተበላሸ።

«አይዞዎት እትዬ፤ እንደገና እንሞክራለን» አለች ሸሪፋ።

እንደገና ሞከሩ። እንደገና አየች። እጇን መነጽሩ ላይ አጥብቃ ይዛ፣ አላይም፣ አላይም እያለች ትጀምራለች፤ ሸሪፋ ቁጥሩን ስትመልስላት ግን ያ ሌላው ድምፅ ይመጣባታል፤ አፍ አንድ ነገር ሲል እጅ ሌላ ሲጽፍ ይታያታል። አንገቷ ሳይታዘዝ ይዞራል።

በሦስተኛው ሳምንት ሸሪፋ ብዕሯን አስቀምጣ፣ «እትዬ» አለች ቀስ ብላ፣ «ቢፈልጉ ወረቀቱን ከመነጽሩ ሥር ላድርግልዎ። እያዩ እጽፋለሁ። እኔ አልቀየምም።»

«አንቺማ አትቀየሚም» አለች ምንትዋብ። «ዕቃው ነው የማይጠብቀኝ።»

ያን ሳምንት ከአቃጠሉት ዘጠኝ ውስጥ ሰባቱ ተበላሹ። ዓይኗ እንደሆነ እስከ መቶኛዋ መስመር ድረስ ያያል፤ አቶ ሚስባህ ራሳቸው መስክረዋል። ግን በዚያ ክፍል ዓይን ብቻውን ምንም አያደርግም። ለጡረታ ሰባት ወር ሲቀራት ደብዳቤ ጽፋ አስገባች። አቶ ሚስባህ ሦስት ጊዜ አስጠርተው ለመኗት። ምክንያቷን ጠየቋት። «ደክሞኛል» ከማለት ሌላ አልተናገረችም። በመጨረሻው ቀን መዝገቡን ለማስረከብ ስትፈርም ገጹን ከላይ እስከ ታች፣ ቁጥር በቁጥር አነበበችው። ሸሪፋ አጠገቧ ቆማ ጠበቀቻት፤ ምንትዋብ አፍራ አንገቷን ደፋች፤ ማንበቧን ግን አላቋረጠችም።

በዚያ ዓመት ለፋሲካ ሰብሊን ይዞ የመጣ የለም። ምንትዋብ ለልጅቷ የገዛችው ቀሚስ በእሽጉ እንዳለ ነው።

ብሩክታይት አትላስ አካባቢ ባለ አንድ ሆቴል ዕቃ ግምጃ ቤት ተቀጥራ እንደምትሠራ የሚያውቋት ይናገራሉ። ምንትዋብ የድሮ ቤቷን ለቃለች። መጨረሻ የታወቀው አድራሻዋ ቦሌ ቡልቡላ ኮንዶሚኒየም፣ ሦስተኛ ፎቅ፣ የእህቷ ልጅ ቤት ነው።